የጓሯችን ላምና የጐረቤታችን እርጎ

ለዛሬ ያሰብነው ርእስ ሌላ ነበር። ነገር ግን በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቅጥር ግቢ አንዲት የልጆች እናት ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣ «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለልጆቼ የሐበሻ ዕንቁላል ልግዛላቸው ወይስ የፈረንጅ? ወተቱንስ ከጐረቤት ልውሰድ ወይስ በላስቲክ የታሸገውን?» ቢሉኝ፣ መልሱን በቁሜ ልሰጣቸው አልቻልሁም። «አስቤበት እነግርዎታለሁ» ብያቸው ተለያየን።

ወደ ቤቴ ስወርድ ጥያቄው እየከበደኝ ሄደ። ሴትዮዋ የጠየቁኝ ስለ ዋጋና ስለ ጣዕም ይመስላል፤ ነገሩ ሲመረመር ግን ያ ዕንቁላልና ያ ወተት ከምን ዓይነት የእንስሳ ኑሮ እንደሚገኝ መጠየቃቸው ነው። በዚህም ነገር እኔ በገዛ ጓሮዬ የማፍርበት ታሪክ አለኝ።

ሰፈራችንን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ቀጨኔ በጉለሌ በኩል ከእንጦጦ ግርጌ በተዳፋቱ ላይ የተሠራ፣ በሸክላ ሠሪዎቹና በሸማኔዎቹ የእጅ ሥራ ስሙ የታወቀ ሰፈር ነው። ቤቶቹ እጅግ የተጠጋጉ ስለሆኑ አንዱ ሲያስነጥስ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጐረቤት «ይማርህ» ይለዋል። እኔ ግን የተወለድሁት በመርሐ ቤቴ ገጠር ነው። ጥጃ እየጠበቅሁ ፊደል ቈጥሬ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ድቁና ከተቀበልሁ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብቼ መምህር ሆንሁ። ከብት ዐውቃለሁ ብዬ እመካ ስለ ነበር፣ ከዛሬ ስድስት ዓመት በፊት ከባለቤቴ ጋር ተማክረን አንዲት የፈረንጅ ዲቃላ ጊደር ገዛን። የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሚያደርስ ለአንባብያን መግለጥ አያስፈልግም።

ለጊደሯ የሠራንላት ጋጣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሌለው። አንገቷን በአጭር ገመድ ከግርግሙ ጋር አሰርናት። ድርቆሹ ከሱሉልታ ይመጣል፤ ፉርሽካውንና የኑግ ፋጉሎውን ከመኖ ሻጭ እንገዛለን፤ አተላውን ከጠላ ጠማቂዎች እንወስዳለን። ወልዳ መታለብ ስትጀምር በቀን ዐሥራ አንድ ሊትር ሰጠችን። በልጅነቴ እጠብቃቸው ከነበሩት ላሞች አንዷ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ብትሰጥ «እሰይ» እንል ነበርና፣ እኔም በዘመናዊው ዘዴ ተደነቅሁ። በዚያች ጠባብ ጋጣ ሦስት ዓመት ስትቆም ከደጅ የወጣችው ለማዳቀልና ለሕክምና ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብሁትም። ላም በጤናዋ ከሆነች ከቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ዐሥሩን ወይም ዐሥራ ሁለቱን ያህል ተኝታ እንደምታመነዥክ፣ መኝታዋም ደረቅ ካልሆነ ቆማ እንደምታድር የተረዳሁት በኋላ ነው። የእኔዋ ቆማ ታድር ነበር። እኔ ግን «ጠንካራ ናት፣ አትተኛም» ብዬ ለሰው አወራ ነበር።

በዐቢይ ጾም የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። ጾሙ ኀምሳ አምስት ቀን ነው። ሕዝቡ ወተት ሲተው፣ ከሕፃናትና ከሕሙማን በቀር የሚገዛ ስለሚጠፋ ዋጋው ይወርዳል። የላሟ ጡት ግን የጾም መግቢያውን አያውቅም፤ ጠዋትና ማታ መታለብ አለባት። ብልኅ ባለቤት ወተቱን እየናጠ ቅቤውን ለፋሲካ ያኖራል። ሌላው ግን (እኔም በአንደኛው ዓመት ከእነዚህ ነበርሁ) ገቢው ሲቀንስ መኖውን ይቀንሳል። ዘመዴ የሆነ አንድ ሰው መኖ ስቀንስ አይቶ፣ «የነነዌ ከብቶችስ ጾመው የለም ወይ?» ብሎ አሳቀኝ። እኔም ዲያቆን ነኝና ከሳቅሁ በኋላ መጽሐፉን ገልጬ ተመለከትሁ። እውነት ነው፣ የነነዌ ንጉሥ ከብቶቹም እንዳይቀምሱ አዝዞ ነበር። ነገር ግን እኛ የምንጾመው የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ነው እንጂ ኀምሳ አምስት አይደለም፤ በዚያው መጽሐፍ መጨረሻም እግዚአብሔር ለዮናስ ከተማይቱን የማረበትን ምክንያት ሲነግረው ከሕዝቡ ቀጥሎ እንስሶቹን ይቈጥራል። ይህን ለዘመዴ ብነግረው፣ «አንተ ሁሉን ነገር ትምህርት ታደርገዋለህ» አለኝ።

ይህ ዓይነቱ የከተማ ላም ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ታሪኩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይጀምራል። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1947 ኡንራ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ድርጅት ሦስት መቶ የሚያህሉ የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶችን ለአገራችን ሰጠ። በ1960 ደግሞ በዩኒሴፍ ርዳታ የሾላ ወተት ማቀነባበሪያ በአዲስ አበባ ዳር ተቋቋመ። ከዚያም ወዲህ የውጭው ዘር ከአገሩ ከብት ጋር እየተዳቀለ በየከተማው ተሰራጨ። ይህ ነገር ብዙ ሕፃናትን ወተት አጠጥቷልና ማንም እንዲያጥላላው አልፈልግም። ነገር ግን ከዘሩ ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት ዕውቀት ከዘሩ ኋላ ቀረ። ፍሪዥያን በአገሯ ሰፊ ግጦሽ፣ ብዙ ውኃ፣ ደረቅ መኝታ ያላት ከብት ነበረች። በቀን ከኀምሳ ሊትር የማያንስ ውኃ ትፈልጋለች። የቀጨኔ የቧንቧ ውኃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልመለስ።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት የላሟ አንደኛው ጡት አበጠ፤ ሲነኩት ትራገጣለች፤ ወተቱም እንደ ተቈራረጠ አይብ ሆነ። የእንስሳት ሐኪም ጠራን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ጋጣውን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። «ይህ የጡት በሽታ ነው። እርጥብ ፍግ ላይ ስትተኛ ተሕዋሲው በጡቷ ቀዳዳ ይገባል» ካለኝ በኋላ በጡቷ ውስጥ የሚጨመረውን አንቲባዮቲክ ሰጣት። ሲሄድም ከመጨረሻው መድኃኒት በኋላ አምስት ቀን ወተቱ ለሰው እንዳይሰጥ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። እኔም ሁለት ቀን ደፋሁት። በሦስተኛው ቀን ግን ወሩ አልቆ፣ የመኖ ዕዳ ነበረብኝና፣ ወተቱም ንጹሕ መስሎ ነጭ ሆኖ ስለ ታየኝ፣ ለደንበኞቼ ቀድቼ ሰጠሁ።

ከደንበኞቻችን አንዷ ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ እናት ናቸው። የላሟን ፍግ ኩበት አድርገው ሸክላቸውን ይተኵሱበታል፤ ለልጅ ልጃቸውም በየቀኑ አንድ ሊትር ይወስዳሉ፣ ከዚያውም ጥቂት ለእርጎ ያስቀምጣሉ። በአራተኛው ቀን መጥተው፣ «መምህር፣ ወተቱ አልረጋ አለኝ» አሉ። ማሰሮው አድፎ ይሆናል ብለው በወይራ አጥነውት ነበር። እንደ ገና አልረጋም። ሁለተኛ አጠኑት። አሁንም አልረጋም። በመጨረሻም እኒህ ዕድሜ ልካቸውን ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ጥፋቱን በገዛ እጃቸው ሥራ ላይ አድርገው ማሰሮውን ሰበሩት።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ቆይታ፣ «ሐኪሙ ስንት ቀን ነበር ያለው?» አለችኝ። ዝም አልሁ። ዝምታዬም መልስ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወተትን የሚያረጋው በውስጡ የሚኖር ደቂቅ ተሕዋሲ ነው። የላሟን በሽታ የሚገድለው መድኃኒት በወተቱ ውስጥ ቀርቶ ያንንም ይገድለዋል። ማፍላትም አብዛኛውን እንዲህ ያለ መድኃኒት አያጠፋውም። ስለዚህ የጐረቤታችን የልጅ ልጅ ሳይታመም፣ ሐኪም ሳያዝለት፣ የላም መድኃኒት ሲጠጣ ሰነበተ ማለት ነው። እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ የሚወሰድ መድኃኒት ተሕዋስያኑን ያለማምዳቸዋልና፣ ሰው በታመመ ቀን መድኃኒቱ እምቢ ይለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ጤነኛ እንስሳትን ለማፋፋት ወይም በሽታን ለመከላከል ብቻ ተብሎ አንቲባዮቲክ መስጠት እንዲቀር የመከረው ስለዚህ ነው። አውሮፓውያን ለማፋፊያ የሚሰጠውን ከ2006 ጀምሮ በሕግ ከልክለዋል፤ ስዊድን ግን ከሁሉ ቀድማ በ1986 ከልክላ ነበር።

ለጐረቤታችን ሄጄ እውነቱን ነገርኋቸው። ይቈጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ «ታዲያ ማሰሮዬን በከንቱ ሰበርሁት?» አሉኝ። የአራቱን ቀን የወተት ዋጋ ብሰጣቸው እምቢ አሉ፤ የማሰሮውን ዋጋ ግን ተቀበሉኝ። ያችን ማሰሮ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከዚህ በኋላ ነበር ስለ እንስሳት አያያዝ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርሁት። አንድ ነገርም ተረዳሁ። ያ መድኃኒት የመጣው በሦስት ኩንታል ገለባ ፋንታ ነው። ደረቅ ጕዝጓዝ፣ መስኮት፣ ረዘም ያለ ገመድ ቢኖራት ኖሮ ጡቷ ባልታመመ ነበር። ዘመናዊ ተብሎ የሚጠራው የተጨናነቀ የእንስሳት እርባታ በዓለም ሁሉ የሚሠራው በዚሁ ስሌት ነው፤ ስፍራ፣ ብርሃንና የሠራተኛ እጅ ይቀነስና በጐደለው ቦታ መድኃኒት ይገባበታል። ሒሳቡ በአርቢው መዝገብ ላይ ትርፍ ሆኖ ይታያል፤ ጉዳቱ የሚጻፈው ግን በከብቲቱ ሥጋና በጠጪው ሆድ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ አንድ ጉዳይ በከተማችን በይፋ ተገልጦ ነበር። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ሊቃውንት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከሚገኙ አርቢዎችና ነጋዴዎች አንድ መቶ ዐሥር የወተት ናሙና ሰብስበው መርምረው በ2016 አሳተሙ። አፍላቶክሲን የሚባለው ከሻጋታ የሚወጣ መርዝ በሁሉም ውስጥ ተገኘ። አውሮፓውያን ከወሰኑት መጠን በታች የነበሩት ዘጠኝ ብቻ ሲሆኑ፣ ሃያ ዘጠኙ ከዚያ ወሰን ከዐሥር እጥፍ በላይ ነበራቸው። መርዙ የመጣው ከመኖው፣ ይልቁንም ከኑግ ፋጉሎው ነበር። ፋጉሎ እርጥበት ባለበት መጋዘን ሲከማች ይሻግታል፤ ላሟ ትበላዋለች፤ መርዙም በወተቷ ይወጣል፤ ቢፈላም አይጠፋም። ወሬው በተሰማ ጊዜ በሰፈራችን ብዙ ቤት ወተት መግዛት አቁሞ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁሉም ረሳው። ፋጉሎው ግን ዛሬም በየጓሯችን በእርጥብ መሬት ላይ ተቀምጧል።

እንግዲህ «የተፈጥሮውን፣ የሐበሻውን እንያዝ፤ የፈረንጁ ይቅርብን» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም። የዱሮው አያያዝ ሁሉ ደግ አልነበረም። በአያቶቻችን ዘመን ከ1888 እስከ 1892 የነበረውን ክፉ ቀን የማያውቅ የለም። በስሙ ተቃራኒ «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን ከብት ከዐሥር ዘጠኙን ያህል ጨረሰው፣ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቅቶት ሕዝቡ በረኀብ አለቀ። እነዚያ ከብቶች ሁሉ በሜዳ የሚግጡ፣ መድኃኒት የማያውቁ «የተፈጥሮ» ከብቶች ነበሩ። ደስታን ያጠፋው የዘመናዊው ትምህርት ክትባት ነው፤ በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ። በቢሾፍቱ ከ1964 ጀምሮ የሚሠራው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋማችንም ክትባት በማምረት ለዚህ ሥራ ባለውለታ ነው።

ዶሮንም እንይ። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከአርባ እስከ ስድሳ ዕንቁላል ነው። በነጻነት ትጭራለች፣ በአመድ ትንከባለላለች፣ ጫጩቶቿን ትሰበስባለች፤ ኑሮዋ ያስቀናል። ነገር ግን ፈንግል በገባ ጊዜ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ በሳምንት ያልቃል፤ ከጫጩቶቹም ስንቱን ጭልፊትና ድመት እንደሚወስደው የገጠር ልጅ ያውቀዋል። በበዓል ዋዜማ ደግሞ እግሯ ታስሮ፣ ራሷ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ከሩቅ አገር በአውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭና ወደ አዲሱ ገበያ ትመጣለች። እኔ ራሴ ለፋሲካ ዶሮ ገዝቼ እንዲሁ ዘቅዝቄ ተሸክሜ ስንት ዓመት ወደ ቤቴ ወጣሁ! ይህ የፈረንጅ ትምህርት አይደለም፤ የገዛ ራሳችን ነው።

በሌላው ወገን የዘመናዊው ዶሮ አለች። እንደ ቦቫንስና ሎማን ያሉት ዘሮች በዓመት ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ ዕንቁላል ይጥላሉ። በአውሮፓ ለብዙ ዓመታት እነዚህ ዶሮዎች በሽቦ ቀፎ ተደርድረው ይኖሩ ነበር፤ ኋላ የወጣው ሕግ ለአንዷ ዶሮ የወሰነው ስፍራ 550 ስኩዌር ሴንቲሜትር ነበር። መምህር ስለሆንሁ በቀላሉ ላስረዳ፤ ልጆቻችን የሚፈተኑበት ተራ ወረቀት 624 ስኩዌር ሴንቲሜትር ያህል ነው። ዶሮዋ ዕድሜዋን ሁሉ ከዚያ ወረቀት ባነሰ ስፍራ ክንፏን ሳትዘረጋ ትኖራለች ማለት ነው። እንግሊዛዊቱ ሩት ሃሪሰን በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ለሕዝብ ቢገልጡ አገሩ ሁሉ ተቈጣ፤ መንግሥትም አጣሪ ጉባኤ አቋቁሞ በ1965 መግለጫ አወጣ። የአውሮፓ ኅብረት ግን ሕጉን ያወጣው በ1999 ሲሆን፣ ለአርቢዎቹ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ከሰጠ በኋላ ያን ዓይነቱን ቀፎ በ2012 መጀመሪያ ከለከለ። እነሱ ከመቶ ሺሕ ዶሮ በኋላ የተጸጸቱበትን እኛ በዐሥር ዶሮ እየጀመርነው ነው። በ2022 የሌማት ትሩፋት የተባለው ዘመቻ ከታወጀ ወዲህ በጓሮ ዶሮና ላም ማርባት በከተማው ተስፋፍቷል፤ ይህም ራሱ መልካም ነው። ነገር ግን በእኛም ሰፈር ባለ ሦስት ደርብ የሽቦ «ኬጅ» አይቻለሁ፤ የላይኛዋ ኩስ በታችኛዋ ላይ ይወርዳል።

ታዲያ መካከለኛ መንገድ የለም ወይ? አለ። ኦርጋኒክ እርባታ የሚባለው ደንብ የሚጠይቀው መመለስን ሳይሆን ጥንቃቄን ነው። በአውሮፓው የኦርጋኒክ ደንብ በቤት ውስጥ በአንድ ስኩዌር ሜትር ከስድስት ዶሮ በላይ አይያዝም፤ ከደጅ ለእያንዳንዷ አራት ስኩዌር ሜትር ይሰጣል። መኖውም ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና መርጫ የበቀለ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። ኦርጋኒክ ማለት የታመመውን እንስሳ ያለ መድኃኒት ማሠቃየት አይደለም። ደንቡ ራሱ የታመመው ወዲያው እንዲታከም ያዝዛል፤ ነገር ግን ከሕክምናው በኋላ ወተቱ የማይሰጥበትን ጊዜ እጥፍ ያደርገዋል። ሐኪሜ ያለኝ አምስት ቀን በዚያ ደንብ ዐሥር ቀን ይሆን ነበር! በአገራችንም የኦርጋኒክ እርሻ ሥርዐት በ2006 በአዋጅ ቍጥር 488 ተደንግጓል። በገበያ ግን ስሙ የታወቀው በቡና፣ በማርና በሰሊጥ ነው፤ ወደ ወተትና ወደ ዕንቁላል ገበያችን ገና አልደረሰም።

በሁለት ክፍል ቤትና በአንድ ክንድ ጓሮ ለሚኖር የቀጨኔ ሰው አራት ስኩዌር ሜትር ለዶሮ ስጥ ማለት ቀልድ እንደሚመስል ዐውቃለሁ። ደግሞም ዕንቁላል በርካሽ መገኘቱ ለድኻ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ያደረግሁትን ብቻ ልንገራችሁ። የጋጣውን አንድ ቆርቆሮ አንሥቼ በሽቦ መስኮት ለወጥሁት። በሲሚንቶው ላይ ሰጋቱራና ገለባ አነጥፋለሁ፤ እርጥቡን በየጠዋቱ አወጣለሁ። ገመዱን አስረዘምሁት። ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አስቀመጥሁት፤ ሻጋታ የታየበትን፣ ቢያንገበግበኝም፣ እደፋለሁ። ከማለቤ በፊት የመጀመሪያውን ወተት በጥቁር ሳህን ላይ አየዋለሁ፤ የተቈራረጠ ነገር ካለበት ሐኪም ይጠራል። በጠዋት ደግሞ ትልቁ ልጄ ገመዷን ይዞ ወደ እንጦጦ መንገድ ሽቅብ ጥቂት ያዞራታል። የመጀመሪያው ቀን ሲሚንቶ የለመደው ሰኮናዋ ሣር ሲነካ ደንግጣ ቆመች። ከዚያም ዘለለች። ስድስት ዓመት የሆነኝ ከብት ጠባቂ ነኝ ባይ፣ ላሜ መዝለል እንደምትችል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ፋጉሎውን ስለ ቀነስሁ ወተቷ ከዐሥራ አንድ ወደ ዘጠኝ ሊትር ወረደ። ከዚያ ወዲህ ግን ጡቷ አልታመመም፤ ለመድኃኒት የማወጣውም ገንዘብ ቀረ። ሒሳቡን ባለቤቴ ይዛዋለችና እሷ «አልከሰርንም» ካለች አልከሰርንም።

ለጠየቁኝ እናትም በሚቀጥለው እሑድ እንዲህ አልኋቸው። የዕንቁላሉ ቅርፊት ቀለም የዘር ነገር ነው፤ የአስኳሉ ቢጫነት የመኖው ነው፤ ሁለቱም ስለ ዶሮዋ ኑሮ ብዙ አይናገሩም። ከገጠር የመጣው ደግሞ ስንት ቀን በጭድ ውስጥ እንደ ቆየ አይታወቅም። ስለዚህ ሻጩ ጐረቤት ከሆነ ይግቡና ቤቱን ይዩ፤ ዶሮዎቹ መሬት ይረግጣሉ ወይ፣ ላሟ ትተኛለች ወይ፣ መኖው ይሸታል ወይ፣ የመጨረሻው መድኃኒት መቼ ተሰጠ ብለው ይጠይቁ። የማያሳይ ሰው ካለ ይለፉት። እሳቸውም፣ «የእርስዎንስ ልይ?» አሉኝ። «ይምጡ» አልኋቸው። መጥተውም አዩ፤ የጥጃውን ማሰሪያ አጭር ነው ብለው ነቅፈውኛል።

ስለዚሁ ጥጃ ደግሞ ልናገር፣ ነገሩ ገና አላለቀምና። ላሟ ዘንድሮ በታኅሣሥ ወንድ ወለደች። በከተማ ወንድ ጥጃ ዕድለ ቢስ ነው። የሚጠባው ወተት የሚሸጥ ወተት ነውና፣ ብዙዎች እስኪደክም ድረስ በጥቂት በጥቂቱ እያጠጡ ይተዉታል፤ ሞተ ቢባል የሚያዝን የለም። የገጠሩ ላም ጥጃዋ ካልጠባት ወተቷን ስለምትይዝ፣ ሲሞትባት ቆዳውን ገለባ ሞልተው ያቆሙላታል፤ እሷም እየላሰች ትታለባለች። ይህን በልጅነቴ ብዙ ጊዜ አይቼ እንደ ብልኀት እቈጥረው ነበር። የከተማዋ ዲቃላ ግን ያለ ጥጃም ትታለባለችና፣ ጥጃው ለዚያም እንኳ አያስፈልግም።

እኛ ለጊዜው አንዱን ጡት ለእሱ ትተንለታል። ይህም በቀን ሁለት ሊትር ያህል ነው፤ ባለቤቴ በመዝገቧ ላይ «የጥጃ» ብላ ትጽፈዋለች። በመርሐ ቤቴ ያለው ወንድሜ ከክረምቱ በፊት መጥቶ ይወስደው፣ በሬም ያደርገው እንደ ሆነ ጠይቄዋለሁ፤ የዲቃላ በሬ ለዚያ ተዳፋት እርሻ እግሩ ይበረታ እንደ ሆነ እሱ ይጠራጠራል። እስከዚያው ድረስ ከጓሮው አለ። ማሰሪያውን አስረዝሜለታለሁ፤ ትናንትናም እስከ ጐረቤታችን ድረስ ተዘርግቶ፣ ሊተኰሱ በፀሐይ የተሰጡ ሁለት ጀበናዎች ረገጠባቸው። ዋጋቸውን ዛሬ ማታ እከፍላለሁ።